የባንቺዓለም ልደት የት ይሁን?

ቦታ በመምረጥ የላስታ ሰው አይታማም። ሌላው ዓለም ድንጋይ ከታች ወደ ላይ ሲክብ፣ አባቶቻችን ከላይ ወደ ታች ፈልፍለው ሠሩ፤ ቦታውንም አጥብቀው ከመምረጣቸው የተነሣ እስከ ዛሬ ድረስ «ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን ኖሮ» ያለ ሰው አልተሰማም። በእንዲህ ያለ ከተማ፣ የሁለት ዓመት ሕፃን ሻማ የምታጠፋበትን ቦታ መምረጥ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ሥራ አይደለም። ይህን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው የሕፃኗ አባት ሙሉሃብት ነበር። ሌላው ሕዝብ ያልተረዳው ነገሩን ጨርሶ ስላላሰበበት ብቻ ነው።

ሙሉሃብት አስጎብኚ ነው፤ ያውም አንደበቱ የተመሰከረለት። እንግዳ እንደ ልብ ይመጣ በነበረበት ጊዜ አንድ ምሰሶ እያሳየ ሲናገር፣ ምሰሶው ራሱ ስለ ራሱ አዲስ ነገር የሚሰማ ይመስል ነበር። እንግዳ ከሳሳ ወዲህ ግን አንደበቱ ሥራ ፈትቶ ቤት ውሏል። ጠዋት ተነሥቶ ለሚስቱ «አሁን በስተቀኛችን የምንመለከተው» ብሎ ይጀምርና፣ በስተቀኝ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ መሆኑን ሲያይ የደረቀውን ልብስ መሰብሰብ ይጀምራል።

የሚኖረው በአማቱ ግቢ ነው። አማቱ መሪጌታ ወርቅአገኘሁ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በዚያ ግቢ ውስጥ ሙሉሃብት የወሰነው ነገር ተፈልጎ አልተገኘም። ልጁን ባንቺዓለም ብለው ስም ያወጡላት የኔታ ናቸው። የክርስትና እናቷን የመረጡት የኔታ ናቸው። ጡት የምትጥልበትን ጊዜ የወሰነችው ደግሞ እናቷ ሰብሌ ናት። የመጀመሪያ ልደቷ ሲደርስ ሙሉሃብት «ይህንስ እኔ አደርገዋለሁ» ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ከወልድያ ፊኛ እንኳ የሚያመጣ ጠፋና ቀኑ እንዲሁ አለፈ። ስለዚህ ሁለተኛው ልደት የልጅቷ ብቻ አልነበረም። በአባትነት የሚቆጠርለት የመጀመሪያ ውሳኔው ነበር።

«ይህን አንድ ነገር እኔ እወስናለሁ» አላት ሰብሌን።

ሰብሌ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ሰው የሚለውን ሁሉ በትዕግሥት መስማት ለምዳለች። «ወስን» አለችው፤ «ግን እዚሁ ግቢ ቢሆን ምን ይለዋል? ጠፍጣፋ ነው፣ አጥር አለው፣ እንቅልፏ ሲመጣ አልጋዋ ቅርብ ነው።»

ሙሉሃብት፣ ካርታ ገልብጠው ለያዙ እንግዶች በሚያሳየው ዓይነት ርኅራኄ ተመለከታት።

«ቤት ቦታ አይባልም፣ ሰብሌ። ቤት ቤት ነው። ቦታ ማለት ሰው ሄዶ የሚደርስበት ነው።»

«እንግዶቹ ወደ እኛ ሲመጡ ሄደው ደረሱ አይደል?»

«እነሱ ደረሱ። እኛ ግን የት ሄድን?»

ለዚህ መልስ አልተገኘም። ጥልቅ ሐሳብ ምልክቱ ይህ ነው።

«ድንኳን እንኳ ብንተክል፣ ግቢው ቦታ ቦታ ይሸት ነበር» ብሎ ትንሽ አሰበ።

«እሱንማ ተወው። እዚህ ቤት ድንኳን ከታየ መንደሩ ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው እያለቀሰ የሚመጣው።» ሰብሌ የልጅቷን ልብስ አጣጥፋ ጨረሰችና ተነሣች። «የትም አድርገው ሙሌ። አባቴ ካልመጣ ግን ኬኩ አይቆረስም።»

በዚህ ሁሉ ጊዜ ባንቺዓለም ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር ቆማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ነበር። ከግድግዳው ላይ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ጽዋ ተሰቅሏል። የጥቅምት መድኃኔዓለም ማኅበር ጽዋ ነው። ማኅበርተኛው በየዓመቱ በተራ ይደግስበት፣ ደጋሹም ድግሱ ሲያበቃ ለሚቀጥለው ባለ ተራ ያስረክበው ነበር። ክፉ ዘመን መጥቶ ሰው ሲበታተን ተረካቢ ታጣ፤ ጽዋውም የኔታ ቤት እንደ ተሰቀለ ቀረ። ከባንቺዓለም በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። እሷም የምታስታውሰው የማትደርስበትን ሁሉ ስለምትወድ ነው።

በማግስቱ የቦታ መረጣው በይፋ ተጀመረ። ባለ ባጃጁ ሳሊሕ የሙሉሃብት የልጅነት ጓደኛ ስለሆነ መጓጓዣውን ቻለ። ባንቺዓለም የጉዳዩ ባለቤት ናት ተብላ አብራ ሄደች። ከሳሊሕ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ጡሩምባውን እየተጫነች፣ የሚያልፈውን አህያ ሁሉ ሰላም እያለች ደረሰች። ስትወርድ አለቀሰች።

የመጀመሪያው ቦታ የአቶ ደባሱ ሆቴል ነበር። አቶ ደባሱ ሆቴሉን ያሠራው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከፍ ያለ ነገር የሚያይ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አያይም ይባላል፤ ይህን የሚሉት ግን ዝቅ ያለ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሆቴሉ ሰው ከገባበት ስለቆየ፣ አቶ ደባሱ የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ ኮቱን እየለበሰ ወጣ፤ ሙሉሃብት መሆኑን ቢያይም አላወለቀውም።

ሰገነቱ ላይ አወጣቸውና እጁን ዘረጋ። «ይኸውልህ። ከዚህ ላይ ሆኖ ይህን ተራራ ያየ ሰው፣ ሽማግሌም ቢሆን ገና ሁለት ዓመቱ ይመስለዋል።»

ሙሉሃብት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ንፋሱም ነበረበት። «እይታ ማለት ይህ ነው ጋሼ ደባሱ። ሚስቴ እቤት ይሁን ትለኛለች። ቤት እኮ ቦታ አይባልም አልኳት።»

«ቤት ቦታ አይባልም» አለ አቶ ደባሱ በአድናቆት። «እንዴት ያለ ንግግር ነው። በር ላይ ሊጻፍ የሚገባው።»

ሳሊሕ ልጅቷን በክንዱ አቅፎ የሰገነቱን ብረት በእግሩ ለካ። «ጋሽ ደባሱ፣ በዚህ መሀል እኮ ፍየል ታልፋለች።»

«ብረቱ ከተጠጋጋ እይታ ያበላሻል።»

«ልጅቱስ ካለፈች?»

«እስከ ዛሬ የወደቀ ሰው የለም። የወደቀው አንድ ባርኔጣ ነው፤ እሱም ባለቤቱ በደንብ አልያዘውም።»

«ሻማውስ? በጥቅምት እዚህ ላይ ሻማ ልጅ አይጠብቅም ወላሂ። ራሱን አጥፍቶ ነው የሚቆያት።»

አስጎብኚ ለችግር መፍትሔ አያጣም። ሙሉሃብት ልጅቷ በነጠላ ከጠረጴዛው እግር ጋር እንድትታሰር፣ ለነፃነቷ ሲባል ግን ነጠላው ረዘም ያለ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ለሻማው ደግሞ አራት ጎልማሶች በንፋሱ በኩል ይቆማሉ። አቶ ደባሱ ሁለቱንም ሐሳብ ወደደው። ሳሊሕ ግን ልጅቷን ይዞ ወደ ባጃጁ ወረደ፤ እሷም ማልቀሷን ተወች።

ቤት ሲገቡ ሰብሌ ስለ ነጠላው ሰማች። የተናገረችው ጥቂት ነው፤ ሙሉሃብት ግን ሰገነቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ የበለጠ ከፍ ያለ ቦታ ማሰብ ጀመረ።

«አሸተን ማርያም፣ ከተራራው አናት» አላት። «ልደት ከደመና በላይ። እስቲ አስቢው።»

«ኬኩን ማን ይሸከመዋል?»

«በቅሎ።»

«በቅሎዋ ኬክ ጭና ታውቃለች?»

«ጤፍ ጭና ታውቃለች።»

«ጤፍ ቢንቀጠቀጥ ጤፍ ነው ሙሌ። የኔታስ በዚያ ዳገት በምን ይወጣሉ? እሳቸውንም ከኬኩ ጋር ልትጭናቸው ነው?»

ይህ ቦታ ከተፎካካሪነት የወጣው በእይታ ማነስ እንዳልሆነ ለታሪክ መመዝገብ አለበት።

ሦስተኛው የአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ነበር። የአዳራሹ ኃላፊ አቶ ዘመኑ ሙሉሃብትን በክብር አስቀምጦ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ።

«የዝግጅቱ ዓላማ?»

«ልደት።»

«ልደት ክስተት ነው፣ ወንድሜ። ዓላማውን ነው የጠየቅኩህ።»

ሙሉሃብት አሰበ። «ልጅቷ ሁለት ዓመት መሙላቷን ማብሰር።»

«ጥሩ። የሚጠበቅ ውጤት?»

«ሦስተኛውን ትጀምራለች።»

«ዘላቂነቱስ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እንደዚያ ብዬ አልጽፍም። በሂደት ላይ እለዋለሁ።» አቶ ዘመኑ ቀና አለ። «የአዳራሹ መመሪያ ልደትን በግልጽ አይከለክልም። በግልጽም አይፈቅድም። ስለዚህ የመክፈቻ ንግግር ካለው ስብሰባ ይባላል፤ ስብሰባ ከሆነ ደግሞ ይፈቀዳል። ሕፃኗ ከክብር መድረኩ ላይ ትቀመጣለች። እኔ እከፍታለሁ።»

«ንግግሩ ይረዝማል?»

«አጭር ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የተገኙ ለውጦችን ብቻ ነው የምዳስሰው።»

ሙሉሃብት ሊስማማ ምንም አልቀረውም ነበር፤ መድረክ የሚለው ቃል ልቡን ነክቶታል። ነገር ግን የአዳራሹ ቁልፍ፣ ለሥልጠና ወገል ጤና ከተማ በሄደ ባልደረባ ኪስ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ሥልጠናው ስለ ንብረት አያያዝ ነው። መቼ እንደሚያልቅ የተነገረ የለም።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ሙሉሃብት ወደ ሰገነቱ ሐሳብ ተመለሰ፤ የሰብሌ ቃል ግን አላስተኛው አለ። አባቴ ካልመጣ ኬኩ አይቆረስም። የኔታ ደግሞ በአቶ ደባሱ ሆቴል ደጃፍ ሲያልፉ፣ ታች ካለው መጠጥ ቤት የተነሣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። ቢሆንም ሞት ላይቀር ማንገራገር ምን ይረባል ብሎ፣ የኔታ ከግቢው በር አጠገብ በድንጋዩ መደብ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጫማቸው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«የኔታ፣ ለባንቺዓለም ልደት እንዲገኙልን ልለምንዎ ነበር።»

«ለማን ልደት?»

«ለባንቺዓለም።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ልደታቸው የሚከበር ሦስት ናቸው። የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የመጥምቁ ዮሐንስ። ልጅህ አራተኛ ናት?»

የሙያ ነገር ሆኖ፣ ሙሉሃብት ስሕተት ሰምቶ ማለፍ አይችልም። «አራተኛው ላሊበላ ነው፣ የኔታ። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ።»

«እውነትህን ነው፣ ረሳሁት። እንግዲያስ አምስተኛ ናት?»

 የሙሉሃብት አንደበት፣ ያው የተመሰከረለት አንደበቱ፣ ከባለቤቱ ሳይማከር ወጣ። «የተወለደችው እኮ በጥቅምት መድኃኔዓለም ነው። እና ነገሩን ስናየው… ዝክር ነው ማለት ይቻላል።»

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይቻላል ነው ወይስ ነው?»

«ነው።»

«የመድኃኔዓለም ዝክር?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«ዝክር ከሆነ መምጣትም የለብኝ፤ ቤቴ ነው» አሉ የኔታ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየ የለም። «ዝክር ከቤት አይወጣም። ድሮ የምንዘክርባቸውን ሽማግሌዎችም እኔ እጠራለሁ። አንተ ሌላውን አስብ።»

የታሰበው ሌላው ምን እንደሆነ አልተነገረም። እንዲህ ሆኖ፣ በብዙ ጥናት፣ ባጃጅ እየተጋለበ፣ ተራራና አዳራሽ እየተመዘነ፣ የባንቺዓለም ልደት ቦታ ሰብሌ በመጀመሪያው ቀን ባለችው ቦታ ላይ ጸና። ሙሉሃብት በውሳኔው ኮራ። አንድ ሰው ሩቅ ሳይሄድ እቤቱ ቢቀር ስንፍና ነው፤ ዞሮ ሲመለስ ግን ምርጫ ይባላል። አቶ ደባሱን ቅር እንዳይለው በግንባር ሄዶ ጠራው።

የመድኃኔዓለም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ሞላ። በአንድ በኩል በፊኛ ያሸበረቀ ጠረጴዛ ላይ ኬኩ ተቀመጠ፤ በኬኩ አናት ላይ ሁለት ቁጥር የሆነች ሮዝ ሻማ ቆማለች። በሌላው በኩል የኔታና ሽማግሌዎቻቸው ተደረደሩ፤ ከፊታቸው ትልቅ ድፎ፣ ጋን ጠላ፣ ከግድግዳው የወረደው ጽዋም በቀይ ጨርቁ እንደ ተሸፈነ አለ። ሳሊሕ ጸሎቱ እስኪያልቅ ከበር ውጭ በባጃጁ ውስጥ ጠበቀ። ባንቺዓለም ከእሱ ጋር ነበረች፤ የጡሩምባው ድምፅ አልፎ አልፎ ጸሎቱን ያጅበዋል።

ጸሎቱ ሙሉ ነበር። የኔታ ዝክር ነው ከተባሉ የሚያሳጥሩ ሰው አይደሉም። በመጨረሻ ድፎው ተባረከ፤ ኬኩም ከነፊኛው ተባረከ። ሙሉሃብት ልጁን ከባጃጁ ውስጥ እያስለቀሰ አወጣትና ሻማዋን ለኮሰ።

«እፍ በያት የኔ ዓለም።»

ባንቺዓለም ጉንጯን ነፋች።

«ቆይ» አሉ የኔታ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ልታጠፋው ነው፣ የኔታ።»

«ለመድኃኔዓለም የበራ መብራት በትንፋሽ ይጠፋል?»

ሽማግሌዎቹ አይጠፋም አሉ። ስለዚህ ሻማዋ እስክታልቅ እንድትበራ ተወሰነ፤ ሰውም ቆሞ ይመለከታት ጀመር። ሁለት ቁጥር መጀመሪያ አንገቷ ጎበጠ። ቀጥሎ ራሷ ወደቀና አንድ መሰለች። ከዚያ እሷም ቀርታ ክሬሙ ላይ ሮዝ ኩሬ ሆነች። ልጅቷ በዘመድ ወዳጅ ፊት ወደ ኋላ ተመልሳ ሳትወለድ ቀረች። ጉንጯ ግን እስከ መጨረሻው እንደ ተነፋ ነበር። ሰብሌ መሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ኬኩ፣ ሰሙ ያልነካው በኩል ተፈልጎ ተቆረሰ። ድፎው ተበላ፣ ጽዋው በጠላ ተሞልቶ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ሙሉሃብት ከሁሉ ጀርባ ቆሞ ግቢውን ሲያይ ደረቱ ሞላ። ይህን ሁሉ ሰው እኔ ነኝ የሰበሰብኩት አለ በልቡ። ይህን ቦታ እኔ ነኝ የመረጥኩት።

በዚህ ጊዜ የኔታ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ። ሁሉም አብሮ ተነሣ።

«መድኃኔዓለም ከተበተንንበት ሰብስቦናል» አሉ። «ይህ ጽዋ ሰው አጥቶ ግድግዳ ላይ ከርሟል። ዛሬ አማቼ በልጁ ቀን ዝክሩን አስነሣልን። እንግዲህ እንደ ሥርዓታችን፣ ለከርሞ በቤቱ የሚደግስ፣ የሚረከብ ማነው?»

 ሙሉሃብት ነገሩ እስኪገባው ሲጠብቅ፣ ከበሩ በኩል ኮት የለበሰ ሰው እየተጋፋ ወደ ፊት መጣ። አቶ ደባሱ ነበር። ከየኔታ እግር ሥር ተንበረከከ።

«እኔ እረከባለሁ፣ የኔታ። ቤቴ ሰው ከገባበት ቆይቷል።»

እልልታው ቀለጠ። ጽዋው ከየኔታ እጅ ወደ አቶ ደባሱ እጅ፣ የተረፈው ድፎም ወደ አቶ ደባሱ ብብት ተላለፈ። ሙሉሃብት በሰው መሀል እየሾለከ የኔታ ዘንድ ደረሰ።

«የኔታ… ልደቱስ?»

«የምን ልደት?»

«የባንቺዓለም። የከርሞው። የእኔ ልጅ እኮ ናት።»

«ልጅህማ ናት፣ ማን ወሰደብህ? ዝክሩ ግን የማኅበሩ ነው።» የኔታ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ዝክር ነው አላልከኝም?»

«ብያለሁ። ግን የሚደገሰው እኮ ሆቴሉ ሰገነት ላይ ነው። ታች መጠጥ ቤት አለ።»

«ጽዋው የገባበትን ቤት ማኅበርተኛ አይመርጥም፤ ገብቶ ይዘክራል እንጂ። እኔም እመጣለሁ።»

«የእኔ ተራስ መቼ ነው?»

የኔታ ወደ ሽማግሌዎቹ አዩ፤ ሽማግሌዎቹም እርስ በርስ ተያዩ። በማኅበርተኛው ብዛትና በተራው ደንብ ላይ በዝግታ ተነጋገሩ። «ፈጣሪ ዕድሜ ከሰጠን፣ እሷን ስትድራት አካባቢ ይደርስሃል» አለ አንዱ።

አቶ ደባሱ ጽዋውን እንደ ታቦት አቅፎ ወደ በሩ ሲያመራ ሙሉሃብት ደረሰበት። በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ፈጥኖ ተናግሮ አያውቅም።

«ጋሼ ደባሱ፣ ሰገነቱ እኮ ለሕፃን አይሆንም። ብረቱ ሰፋፊ ነው። ንፋሱን ያውቁታል። ድግሱ የእርስዎ ይሁን፣ እሺ፤ ግን እዚሁ ግቢ ቢያደርጉትስ? ጠፍጣፋ ነው፣ አጥር አለው፣ እንቅልፏ ሲመጣ አልጋዋ ቅርብ ነው።»

ከኋላው ሰብሌ ቆማ ትሰማ ነበር። ከበሩ ውጭ የባጃጁ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ባንቺዓለም ወደ ቦታዋ ተመልሳለች።

አቶ ደባሱ ቆም ብሎ፣ ካርታ ገልብጦ ለያዘ ሰው በሚታዘንለት ዓይነት አዘነለት።

«ቤት እኮ ቦታ አይባልም፣ ሙሉሃብት» አለው። ቀጥሎም ጽዋውን ወደ ሌላው ክንዱ አዛውሮ፣ በእጁ ጀርባውን ዳበሰው። «ደግሞ ምን አስጨነቀህ? አንተም ትጠራለህ።»